የግድግዳ ጋዜጣችንን ማን ያንብበው?

ጋዜጣ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ቀላል ነው፤ ችግሩ ማስነበቡ ላይ ነው። ይህን የምለው በራሴ የደረሰውን አይቼ ነው። እጩ መምህር ሳለሁ ስለ ትምህርት ዕቅድ አዘገጃጀት አራት ገጽ ሙሉ ጽፌ በማስታወቂያው ሰሌዳ ላይ ለጠፍኩ። ዞር ብሎ ያየው ሰው አልነበረም። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ጓደኛዬን ከሰሌዳው ፊት ቆሞ ባገኘው ደስ አለኝ። ቀረብ ስል ለካስ በሰሌዳው መስተዋት ጠጉሩን እያበጠረ ኖሯል!

ጽሑፉ ስሕተት አልነበረበትም። ነገር ግን ከእሱ በፊት የወጡትም ሁሉ እንደዚያው ረዣዥም ምክሮች ነበሩ። ሽሮ መልካም ወጥ ነው፤ ጧትም ማታም ሽሮ ብቻ ሲሆን ግን ማን ይጓጓል?

በተከታዩ ሳምንት አንዲት አጭር ጥያቄ ለጠፍን፦ «ማባዛት ማለት ማብዛት ከሆነ፣ 12 በ½ ሲባዛ ለምን 6 ሆኖ ያንሳል? የ5ኛ ክፍል ልጅ ቢጠይቃችሁ ምን ትሉታላችሁ? መልሱ ሰኞ ይወጣል።» በማግሥቱ ሰሌዳው ሥር ክርክር ተነሣ። ሰኞ ዕለት መልሱን ሊያይ የመጣው ሁሉ (12 በ½ ማለት የ12 ግማሽ ማለት ነው) ከጎኑ የተለጠፈውንም አብሮ አነበበ። እንግዲህ ነገሩ ይኸው ነው፤ አንባቢ በአንዱ ጽሑፍ ተስቦ ይመጣል፣ ሌላውንም አንብቦ ይሄዳል። ስለዚህ የጽሑፎቹ ዓይነት መለያየት አለበት።

አንደኛ፣ ዜናና ማስታወቂያ። አጭር ይሁን፤ ቀኑ ሲያልፍ ወዲያው ይነሣ። ያለፈበት ማስታወቂያ የቀረውንም ያረጀ ያስመስለዋል።

ሁለተኛ፣ የአሠራር ጽሑፍ። ከቆርኪና ከሽቦ መቁጠሪያ እንዴት እንደሚሠራ በቅደም ተከተልና በሥዕል ቢወጣ፣ ሠልጣኙ ደብተሩን ይዞ ቆሞ ይገለብጠዋል። ነገ ክፍል ውስጥ ይጠቅመዋላ!

ሦስተኛ፣ ጥያቄና መልስ። ጳውሎስ ኞኞ በአዲስ ዘመን ጋዜጣ «አንድ ጥያቄ አለኝ» በተባለው አምዱ አንባቢ ለሚልክለት ጥያቄ መልስ እየሰጠ ብዙ ሰው አስከትሏል። ራሱ በመደበኛ ትምህርት ከ4ኛ ክፍል አላለፈም። ምሥጢሩ አንባቢው የጠየቀውን መመለሱ ነው። የጠየቀ ሰው መልሱን ፍለጋ መምጣቱ አይቀርም።

አራተኛ፣ ቃለ ምልልስ። የግድ ትልቅ ሹም አይፈለግም። ወጥ ቤት ያሉትን እናት በቀን ስንት እንጀራ እንደሚጋግሩ፣ በስንት ሰዓት እንደሚነሡ ጠይቁ። የተጠየቀው ሰው ወዳጆቹን ሁሉ ይዞ ይመጣል።

አምስተኛ፣ ማብራሪያ። ረዥሙ ጽሑፍ ይቅር አልልም፤ የጋዜጣው አከርካሪ እሱ ነው። ግን ሁለት ሦስት ቦታ ተከፍሎ «ይቀጥላል» እየተባለ ይውጣ፤ ፊደሉም ከሁለት እርምጃ ርቀት የሚነበብ ይሁን።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ቧልትና ሐሜት ከሁሉ የበለጠ ሰው ይሰበስባል፤ ታዲያ እሱን ብቻ ሊያነብ የመጣ አንባቢ ሌላውን አያይም። ስሙ የተነሣበትም ሰው ሁለተኛ አይጽፍላችሁም።

«ማተሚያ የለን፣ ምን እናድርግ?» የሚል አይጠፋም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የወጣው «አእምሮ» የተባለው ጋዜጣ በመጀመሪያ በእጅ እየተጻፈ ነበር የሚሠራጨው። እኛም ወረቀትና ማርከር አለን።

ይህ ለጊዜ ማሳለፊያ የሚነገር ጉዳይ አይደለም። ነገ ከመካከላችን ብዙዎቹ የምንመደበው ከመማሪያ መጽሐፉ በቀር ሌላ የሚነበብ ነገር በሌለበት ትምህርት ቤት ሊሆን ይችላል። ፊደል የቆጠረ ልጅ የሚያነበው ካጣ የተማረውን ይረሳል። አንዲት ወረቀት ግድግዳ ላይ ብትለጠፍ ግን ለመላው ትምህርት ቤት ትበቃለች። ይህን ሙያ እዚህ ካልተለማመድነው እዚያ ከየት ይመጣል?

በሉ እንጀምር! የሰው ጥላ ጧት ረዝሞ በቀትር የሚያጥረው ለምንድን ነው? ለ3ኛ ክፍል ልጅ በሚገባ አማርኛ፣ ከአምስት መሥመር ሳታሳልፉ ጽፋችሁ ሰሌዳው ሥር ባለው ሣጥን ክተቱ። የተሻለው መልስ በሚቀጥለው እትም ይወጣል።