ግርግሙን ከልጆቻችን ጋር እንሥራ

ታኅሣሥ ሲገባ የከተማው ገበያ ይለወጣል። የሱቆች ደጃፍ በፕላስቲክ ጥድ፣ በሚብለጨለጭ መብራትና የጥጥ ጢም በተለጠፈለት የገና አባት ይሞላል። ልጆቻችንም ይህን አይተው ቤት ሲገቡ፣ «እማዬ፣ እኛስ መቼ ነው የምንገዛው?» ይላሉ። ያለው ይገዛል፤ የሌለው ልቡ ያዝናል፤ ልጁን ላለማሳዘን የሚበደርም አለ። ነገሩ ግን የገንዘብ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ልጃችን በዓሉ የማን እንደሆነ የሚማረው ከማን ነው? ከሱቁ መስኮት ነው ወይስ ከእኛ?

ዘዳግም 6፡6-7 የእግዚአብሔርን ቃል ለልጆች የማስተማርን ኃላፊነት ለወላጆች ይሰጣል። ቦታውም ቤታችንና መንገዳችን፣ ሰዓቱም ማታና ጠዋት ነው። የአራት ዓመት ልጅ ረጅም ትምህርት ቁጭ ብሎ አይሰማም። እጁ ሥራ ሲይዝ ግን ጆሮው ይከፈታል። ስለዚህ የገናን ጌጥ ከልጆች ጋር በቤት መሥራት ገንዘብ መቆጠቢያ ብቻ ሳይሆን የወንጌል ማስተማሪያም ነው።

ይህ አሳብ አዲስ አይደለም። በ1223 እ.ኤ.አ. የአሲሲው ፍራንሲስ በጣሊያን አገር ግሬቾ በምትባል መንደር በድርቆሽ የተሞላ ግርግም፣ በሬና አህያ አዘጋጅቶ ነበር። ፍላጎቱ ሰዎች ጌታ የተወለደበትን ዝቅታ በዓይናቸው እንዲያዩ ነው። ልጆቻችንም ማየትና መዳሰስ ይወዳሉ።

ምን ያስፈልጋል?

አብዛኛው ዕቃ በቤታችን አለ። ያለፈው ዓመት የግድግዳ ካላንደር፣ የጫማ ካርቶን፣ የሶፍት ጥቅል መሐል ያለው ካርቶን፣ የከረሜላ ወረቀት፣ ክር፣ ጭድ፣ ከልብስ ሰፊ የተረፈ ቁርጥራጭ ጨርቅ ይበቃል። ማጣበቂያ ካልተገኘ ሦስት የሾርባ ማንኪያ የስንዴ ዱቄት በአንድ ኩባያ ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጡና እስኪወፍር ድረስ እያማሰላችሁ አብስሉት። ሲቀዘቅዝ ወረቀት ደህና አድርጎ ይይዛል። ስለሚበላሽ ግን በየጊዜው ጥቂት ጥቂት ሥሩ።

1. የቀናት ሰንሰለት

ካላንደሩን ሦስት ጣት በሚያህል ስፋትና አንድ ስንዝር በሚያህል ርዝመት ቁረጡና 29 ቁራጭ አዘጋጁ። በዘመነ ዮሐንስ በዓሉ ታኅሣሥ 28 ስለሚውል 28 ይበቃል። ከታኅሣሥ 1 ጀምሮ በየማታው ልጁ አንዱን ቁራጭ እንደ ቀለበት አጣብቆ ከትናንቱ ጋር ያያይዘዋል። ቀለበት በተጨመረ ቁጥር አጭር ታሪክ ንገሩት። በመጀመሪያው ሳምንት የነቢያትን ተስፋ (ኢሳይያስ 9፡6፤ ሚክያስ 5፡2)፣ በሁለተኛው የዘካርያስን፣ የኤልሳቤጥንና የማርያምን ታሪክ (ሉቃስ 1)፣ በሦስተኛው የዮሴፍን መታዘዝና የቤተ ልሔምን ጉዞ፣ በአራተኛው የእረኞቹን ደስታ ተርኩለት። አምስት ደቂቃ ይበቃል። ሰንሰለቱ ከበሩ በላይ ሲንጠለጠል ልጁ እግዚአብሔር የተናገረውን እንደሚፈጽም በዓይኑ ያያል።

2. ኮከብ

እኩል ርዝመት ያላቸው ስድስት ቀጫጭን እንጨቶች ፈልጉ። ሦስቱን በክር አስራችሁ ሦስት ማዕዘን አድርጉ፤ የቀሩትንም እንዲሁ። አንዱን ገልብጣችሁ በሌላው ላይ ደርቡና በሚገናኙበት ሁሉ እሰሩት። ልጆች የከረሜላ ወረቀት ይጠቅልሉበት። እየሠራችሁም ኮከቡ ሰዎችን ወደ ማን እንደመራ ጠይቋቸው (ማቴዎስ 2፡1-11)። ኮከቡ መንገድ አመልካች እንጂ ራሱ የሚመለክ እንዳልነበረ ይረዱ።

3. በረትና ግርግም

የጫማውን ካርቶን በጎኑ አስተኙና ጭድ ጎዝጉዙበት። ከሶፍት ካርቶን ማርያምን፣ ዮሴፍንና እረኞችን ሥሩ፤ ጨርቅም አልብሷቸው። በጎችን ልጆች በጭቃ ይሥሩ፤ ይህን ከእኛ በላይ ይችሉበታል። ጭቃው እንዳይሰነጠቅ በጥላ ይድረቅ። ግርግሙን ግን እስከ በዓሉ ዋዜማ ባዶ ተዉት። ማታ ቤተሰቡ ሲሰበሰብ ሉቃስ 2፡1-7 ይነበብና በጨርቅ የተጠቀለለውን ሕፃን ትንሹ ልጅ ያስተኛው። የነገሥታት ንጉሥ ለምን ከብት በሚበላበት ቦታ እንደተኛ ልጁ ከጠየቀ፣ እርሱን ለመፈለግ ስለመጣ መሆኑን ንገሩት።

ቃሉን በትክክል እናስተምር። ማቴዎስ የሰብአ ሰገልን ቁጥር አይናገርም፤ ሕፃኑን ያገኙትም በቤት ውስጥ ነው። ስለዚህ እነርሱን በክፍሉ ሌላ ጥግ አቁሟቸውና በየቀኑ ጥቂት እያስጠጋችሁ ከበዓሉ በኋላ አድርሷቸው። ልጆች ይህን ጉዞ በጣም ይወዱታል።

ልብ እንበል

ወረቀት፣ ጭድና ጥጥ ቶሎ ስለሚነዱ ሻማ በአጠገባቸው አይበራ። ከሦስት ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት ቆርኪና ጠጠር አይሰጥ፤ ወደ አፋቸው ያስገቡታል። መቀስ ለመያዝ ያልደረሰ ልጅ ወረቀቱን በእጁ ይቅደድ።

ከሁሉ በላይ ደግሞ ልጁ የሠራውን መልሳችሁ አትሥሩት። ኮከቡ ቢጣመም፣ የዮሴፍ ጢም ቢወላገድ ምንም አይደለም። እንግዳ በሚቀመጥበት ሳሎን ስቀሉት እንጂ ጓዳ አትደብቁት። «የጎረቤታችን ዛፍ ይበልጣል» ብሎ አንገቱን የደፋ ልጅ፣ አባቱ ለእንግዳ «ይህን የሠራው ልጄ ነው» ሲል ቢሰማ ቀና ይላል።

ለባልና ሚስት

የበዓል ሰሞን እናት ከሽንኩርቱና ከእንጀራው ጋር ትታገላለች፤ ይህም ሌላ ሸክም እንዳይሆንባት ሥራውን በወሩ መጀመሪያ አስጀምሩ። አባቶች፣ እንጨቱን መቁረጥና ማሰር፣ በየማታው ታሪኩን መተረክ የእናንተ ድርሻ ይሁን። በቤታችን ይህ ሥራ የባለቤቴ ነው፤ ከስብሰባ ዘግይቶ ሲመጣ ልጆቹ ቀለበታቸውን ይዘው ይጠብቁታል። ለልጅ ከዚህ የሚበልጥ የበዓል ስጦታ አላውቅም። ባልና ሚስትም ስልክና ቴሌቪዥን ዘግተው በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ሲቀመጡ ለእነርሱም የሚተርፍ በረከት አለው።

በመጨረሻም አንድ ኮከብ ትርፍ ሥሩ። ብቻቸውን ለሚኖሩ እናት፣ ለታመመ ወይም በዚህ ዓመት ኀዘን ለገባበት ጎረቤት ልጆቻችሁ ራሳቸው ይውሰዱ። እረኞቹም ሕፃኑን ካዩ በኋላ የሰሙትን ለሌሎች አወሩ እንጂ ዝም አላሉም (ሉቃስ 2፡17)።

ጌታ ቤታችሁን ይባርክ። መልካም የልደት በዓል!