ለእኔ ጉልበት የበጀው ኪኒን

ውሻችን ቦቢ 11 ዓመቱ ነው፡፡ ባለፈው ክረምት ጠዋት ጠዋት የኋላ ቀኝ እግሩን ማንሳት ጀመረ፡፡ ፀሐይ ሲሞቅ ይፍታታል፣ ብርድ ሲሆን ያነክሳል፡፡ እኔም ጉልበቴን ስለሚያመኝ ሕመሙ ገባኝ፡፡ ችግሩ፣ መድኃኒቱም የገባኝ መስሎኝ ነበር፡፡ ለራሴ ከታዘዘልኝ ዲክሎፌናክ ግማሹን በዳቦ ጠቅልዬ አጎረስኩት፡፡ ማታውኑ ደረጃ ሲወጣ አይተን ደስ አለን፡፡ በማግስቱ ደገምኩለት፡፡ በሦስተኛው ቀን ምግቡን አሽትቶ ተወው፣ አስመለሰው፣ ሰገራውም እንደ ሬንጅ ጠቆረ፡፡

ኮንትራት ታክሲ ይዘን ስንከንፍ የእንስሳት ሐኪሟ ገና ሳያዩት «ምን ሰጣችሁት?» አሉ፡፡ የጠቆረው ሰገራ ከጨጓራ የፈሰሰ ደም ነበር፡፡ ግሉኮስ ተተከለለት፡፡

ነገሩ እንዲህ ነው፡፡ እነዚህ ማስታገሻዎች ሕመምና እብጠት የሚያመጣውን ንጥረ ነገር ይቀንሳሉ፡፡ የዚሁ ንጥረ ነገር ዘመዶች ግን የጨጓራን ግድግዳ ከአሲድ ይከላከላሉ፣ ለኩላሊትም ደም በቂ ሆኖ እንዲደርስ ያደርጋሉ፡፡ ውሻ ላይ ጉዳቱ የሚብሰው አንዳንዶቹ ከሰውነቱ ቶሎ ስለማይወጡ ነው፡፡ ናፕሮክሲን ለምሳሌ በሰው ደም ውስጥ በ12 እስከ 17 ሰዓት በግማሽ ሲቀንስ፣ በውሻ ሦስት ቀን ገደማ ይፈጅበታል፡፡ አይቡፕሮፌንም ያው አደገኛ ነው፡፡ ፓራሲታሞል ደግሞ መጠኑ ሲያልፍ ጉበትንና ቀይ የደም ሴሎችን ይጎዳል፡፡

ታዲያ ምን ይሰጠው? ለውሻ ተብለው የተዘጋጁ፣ በኪሎው የሚታዘዙ እንደ ካርፕሮፌንና ሜሎክሲካም ያሉ አሉ፡፡ የስም መመሳሰል አያታልልዎ፡፡ ለውሻ የሜሎክሲካም የዘወትር መጠን በኪሎ 0.1 ሚሊግራም ነው፡፡ 15 ኪሎ ለሚመዝነው ቦቢ 1.5 ሚሊግራም ማለት ነው፡፡ ሰው የሚውጠው ባለ 15 ሚሊግራም ኪኒን አሥር እጥፍ ሆነ ማለት አይደል! እነዚህም ቢሆኑ ከዲክሎፌናክ ጋር አንድ ቤተሰብ ናቸው፡፡ ስለዚህ አስቀድሞ የኩላሊትና የጉበት ምርመራ ይደረጋል፣ ከምግብ ጋር ይሰጣሉ፣ ከሌላ ማስታገሻ ወይም እንደ ፕሬድኒሶሎን ካለ መድኃኒት ጋር አይደራረቡም፡፡ በመካከሉ ቀናት ማለፍ አለባቸው፡፡ በእኔ ጥፋት ቦቢ ትክክለኛውን መድኃኒት ለማግኘት ጨጓራው እስኪድን በሕመሙ መቆየት ግድ ሆነበት፡፡

ሌላም ያላሰብኩት ነገር ነበር፡፡ ማነከስ ምልክት እንጂ በሽታ አይደለም፡፡ ሐኪሟ አፉን አስረው (የሚወድዎ ውሻም ሲያመው ይነክሳል) መጀመሪያ መዳፉን ፈተሹ፤ እሾህ፣ የተጠማዘዘ ጥፍር ካለ ብለው፡፡ ከዚያ ጉልበቱንና ዳሌውን አጠፉ፣ ዘረጉ፣ ራጅ አስነሱት፡፡ የቦቢ የዳሌ መገጣጠሚያ ብግነት ሆኖ ተገኘ፡፡ የተበጠሰ ጅማት ወይም የአጥንት ካንሰርም ሊሆን ይችል ነበር፡፡ ውሻዎ በድንገት እግሩን ጨርሶ መርገጥ ካቃተው ወይም አጥንቱ ላይ እብጠት ካዩ ለነገ አይበሉት፡፡

ከመድኃኒቱ ባልተናነሰ የረዳው ግን ክብደት መቀነስ ነው፡፡ ጮማና ትራፊ ስናጎርሰው የኖርነው እኛው ነን፡፡ የሳሎኑ ሴራሚክ ስለሚያንሸራትተው ምንጣፍ አነጠፍንበት፣ መኝታውንም ከሲሚንቶው ላይ ከፍ አደረግን፡፡ የእሁዱ ረጅም ጉዞ ቀርቶ በየቀኑ ጠዋትና ማታ አጭር ወክ ሆነ፡፡ አሁን 13 ኪሎ ነው፡፡ ዝናብ ባደረ ጠዋት ያነክሳል፤ ከቀትር በኋላ ግን የበሩ ደወል ሲጮህ ቀድሞኝ ይደርሳል፡፡