ቤቱም የሚያክምበት ሆስፒታል

ለሥነ ልቦና ሕክምና ሆስፒታል የተኛ ሰው ከሐኪሙ ጋር ቁጭ ብሎ የሚነጋገረው በሳምንት ጥቂት ሰዓት ነው። የቀረው ጊዜ የሚያልፈው ከነርሶችና ከሌሎች ታካሚዎች ጋር፣ በወጥ ቤቱና በኮሪደሩ ነው። በለንደን ዳርቻ፣ ሪችመንድ አካባቢ፣ ሃም ኮመን ላይ የከተመው ካስል ሆስፒታል ስሙን ያስጠራው ይህን ቀሪ ጊዜ ከሕክምናው በመቁጠሩ ነው።

ሆስፒታሉ እ.ኤ.አ. በ1919 በባለሀብቱ በሰር ኧርነስት ካስል ገንዘብ ተመሠረተ። መጀመሪያ ኬንት ውስጥ ነበር፤ ወደ ሃም ኮመን የተዛወረው በ1948 ነው። መልኩን የቀየሩት ግን ከ1946 ጀምሮ ለሠላሳ ዓመት የመሩት ዶክተር ቶም ሜይን ናቸው። ሜይን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በበርሚንግሃም አቅራቢያ በነበረው የኖርዝፊልድ ወታደራዊ ሆስፒታል ሠርተዋል። እዚያ የተገነዘቡት ነገር ቢኖር፣ ሁሉ ነገር የሚደረግለት ወታደር በሽተኛነቱን እየለመደው እንደሚሄድ ነው።

ሆስፒታል መግባት ራሱ ከባድ ለውጥ ነው። ትናንት እናት፣ ሠራተኛ፣ ጎረቤት የነበረች ሴት ዛሬ ታካሚ ብቻ ትሆናለች። ካስል ይህን ለማለዘብ ምግብ ማብሰሉን፣ ጽዳቱንና የጋራ ኑሮውን ማስተዳደሩን ለታካሚዎቹ ሰጠ። ነርሶቹ አብረዋቸው ይሠሩ ነበር። እናቶችም ልጆቻቸውን ይዘው መግባት ቻሉ።

በቤቱ ውስጥ የሚፈጠረው ለውጥስ? ሜይን በ1957 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ነርሶች ማረጋጊያ መድኃኒት የሚሰጡት መቼ እንደሆነ አብረዋቸው መርምረዋል። የታካሚው ሁኔታ ብቻውን አልወሰነም፤ መድኃኒቱ የሚሰጠው የነርሷ ትዕግሥት ሲሟጠጥ ጭምር ነበር። በአሜሪካ ሜሪላንድ በቸስትነት ሎጅ ሆስፒታል ያጠኑት ስታንተንና ሽዋርዝ ደግሞ በ1954 ተመሳሳይ ነገር አስነብበዋል፦ ሁለት ባለሙያዎች ስለ አንድ ታካሚ በሆዳቸው ሳይስማሙ ሲቀሩ ታካሚው ይታወካል፤ በግልጽ ሲነጋገሩ ብዙ ጊዜ ይረጋጋል። ማንም ምንም ያልነገረው ሰው የቤቱን አየር በሰውነቱ ያነብባል ማለት ነው። ታካሚው ሲታወክ መጀመሪያ መጠየቅ ያለባቸው ሠራተኞቹ ናቸው ብዬ የማምነው ለዚህ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ግን መውጣት ነው። ተመራማሪዎቹ ማርኮ ኪዬዛና ፒተር ፎናጊ በካስል የስብዕና መታወክ ያለባቸውን ታካሚዎች አነጻጽረው ነበር። አንዱ ቡድን ዓመት ገደማ ተኝቶ ታከመና ያለ ተከታታይ ሕክምና ወጣ። ሌላው የተኛው ስድስት ወር ያህል ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ከውጭ እየተመላለሰ በቡድን ሕክምናውን ቀጠለ፣ ነርስም በሚኖርበት ቦታ ትከታተለው ነበር። የተሻለ ውጤት የታየው በሁለተኛው ቡድን ነው፤ ራስን መጉዳትም ሆነ ተመልሶ ሆስፒታል መግባት ቀነሰ።

ብዙ መተኛት ብዙ ይፈውሳል ብለን ለምናስብ ሰዎች ይህ ትልቅ ትምህርት ነው። ከልጅነታቸው ጀምሮ የተጣሉና የተገፉ ብዙዎቹ እነዚህ ታካሚዎች፣ ሰው ማመንን የተለማመዱት በአንድ ቤት ውስጥ ነው። ያ ቤት በአንድ ቀን ሲዘጋባቸው የቆየው ቁስል ያገረሻል። ደረጃ በደረጃ የወጣው ታካሚ ግን ከአሠሪው ወይም ከትዳር ጓደኛው ጋር የተፈጠረውን ጠብ ትኩስ እያለ ወደ ቡድኑ ያመጣዋል፤ ሆስፒታሉ ውስጥ የተማረውንም በሚኖርበት ሕይወት ላይ ይሞክረዋል።