ሦስት በአንድ ፕሪንተር፦ ከመሣሪያው ዋጋ ይልቅ የቀለሙ ወጪ ሊታሰብበት ይገባል

ማተም፣ ስካን ማድረግና ፎቶ ኮፒ ማንሳት የሚያስችለው ሦስት በአንድ ፕሪንተር ለመኖሪያ ቤት አመቺ መሣሪያ ነው። ይሁን እንጂ በመሣሪያው ዋጋ ብቻ ተመርቶ የሚገዛ ሰው ውሎ አድሮ ለከፍተኛ ወጪ ሊዳረግ ይችላል።

በርካታ አምራቾች መሣሪያውን በአነስተኛ ዋጋ ሸጠው ትርፋቸውን የሚያገኙት ከቀለም ሽያጭ ነው። ለምሳሌ በ2,000 ብር የተገዛ ካርትሪጅ 200 ገጽ ቢያትም፣ አንዱ ገጽ ከወረቀቱ ሌላ 10 ብር ያስወጣል።

ፈሳሽ ቀለም የሚጠቀም ፕሪንተር ለረጅም ጊዜ ሳይሠራ ከቆየ ቀለሙ በደቃቅ ቀዳዳዎቹ ውስጥ ይደርቃል። መሣሪያው ቀዳዳዎቹን የሚያጸዳውም በዚያው ቀለም በመሆኑ፣ ጥቂት ገጽ ብቻ ያተመ ባለቤትም ካርትሪጁ ሊያልቅበት ይችላል። በአንዳንድ ሞዴሎች ቀለም ሲያልቅ ቀለም የማያስፈልገው ስካነር ጭምር ሥራ ያቆማል።

በአንጻሩ የሌዘር ፕሪንተር ቶነር ዱቄት በመሆኑ አይደርቅም። ሆኖም ዱቄቱን በወረቀቱ ላይ የሚያጣብቀው በከፍተኛ ሙቀት ስለሆነ ብዙ የኤሌክትሪክ ኃይል ይፈልጋል፤ ከአነስተኛ ዩፒኤስ ጋር ማገናኘትም አይመከርም። ኤፕሰን እ.ኤ.አ. በ2010 በኢንዶኔዥያ ለገበያ ያቀረበው ዓይነት ቀለም በጠርሙስ የሚሞላበት ፕሪንተር ደግሞ የመግዣ ዋጋው ከፍ ቢልም የአንድ ገጽ ወጪው ዝቅተኛ ነው።

በመሆኑም ገዥው አስቀድሞ በወር የሚያትመውን የገጽ ብዛት መገመት፣ የካርትሪጁን ዋጋ በማሸጊያው ላይ ለተገለጸው የገጽ ብዛት ማካፈልና ቀለሙ በአካባቢው ገበያ መገኘቱን ማረጋገጥ ይኖርበታል።