የሊሙ ተራራ ዐፈር ለምን አንድ ዓይነት አይሆንም?

ሊሙ ገነትን የጐበኘ ሁሉ ቡናውን ያደንቃል፤ ቡናው የቆመበትን ዐፈር ጐንበስ ብሎ የሚመለከት ግን ጥቂት ነው። እኛ ዛሬ የምንነጋገረው ስለዚያው ዐፈር፥ ይልቁንም በውስጡ ስላለው ብስባሽ ነው።

ብስባሽ ማለት ቅጠል፥ ሥርና ፍግ በስብሶ ከዐፈር ጋር ሲዋሐድ የሚገኘው ጥቁር ነገር ነው፤ ሊቃውንቱ ኦርጋኒክ ቁስ ይሉታል። የዐፈሩን ቅንጣቶች ያያይዛል፥ ውሃ ይይዛል፥ ተክሉንም ይመግባል።

ይሁን እንጂ በተራራ ላይ እኩል አይገኝም። መጀመሪያ፥ በዋንዛና በሰሳ ጥላ ሥር ባለው የቡና ደን ቅጠሉ ስለሚረግፍና ማረሻ ስለማይነካው ላይኛው ዐፈር ጠቆር ያለ ነው። ደኑ ተመንጥሮ በቆሎ በተዘራበት ስፍራ ማረሻው ብስባሹን ለአየር ስለሚያጋልጠው ቶሎ ያልቃል፤ አገዳውም ለከብትና ለማገዶ ስለሚወሰድ ተተኪ የለውም። ሁለተኛ፥ ከፍ ባለው ቀዝቃዛ ስፍራ መበስበስ ስለሚዘገይ ብስባሽ ይከማቻል። ሦስተኛ፥ ጎርፍ ከዳገቱ ወገብ ቀላሉንና ደቃቁን አስቀድሞ ይወስዳል፤ ከፊሉን በግርጌው ይጥለዋል፥ የቀረውን ወንዝ ይዞት ይሄዳል።

ስለዚህ ከግርጌው አንድ እፍኝ ዘግኖ «ተራራው ለም ነው» የሚል ሰው ይሳሳታል፤ የዘገነው ከላይ የታጠበውን የጎረቤት ዐፈር ነው።

ጉዳቱ ቀላል አይደለም። የስዊሱ ሊቅ ሐንስ ሁርኒ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ባወጡት ግምት ከኢትዮጵያ ደጋማ የእርሻ መሬት በዓመት በአማካይ በሄክታር 42 ቶን ዐፈር ይታጠባል። ከዚህ ውስጥ ከመቶ 4 እጁ ብቻ ብስባሽ ቢሆን እንኳ 17 ኩንታል ያህል ነው። ይህን ያህል እህል ከጎተራ ቢሰረቅ አገር ይጮኻል፤ ዐፈር ሲሄድ ግን ዝም ይባላል።

የቡና ዋጋ ሲወድቅ ጥላውን ቈርጦ በቆሎ ወይም ጫት ለመትከል የሚፈተነውን ገበሬ አንወቅስም፤ ልጆቹ መብላት አለባቸው። ነገር ግን ጥላው በአንድ ቀን ይወድቃል፥ ብስባሹ ለመመለስ ዐሥርተ ዓመታት ይፈልጋል። ስለሆነም ቁልቁለቱ ለቡናና ለዛፍ ቢተው፥ የሚታረሰውም እርከን ቢሠራለትና ገለባው በማሳው ቢቀር መልካም ነው እንላለን።

ለዕረፍት ወደ አገር ቤት የምትመለሱ ጓደኞቻችን ሆይ! ከደኑ፥ ከዳገቱ ወገብና ከግርጌው አንዳንድ ጓል አንሥታችሁ አድርቁና በብርጭቆ ውሃ ውስጥ ክተቱ። ብስባሽ የበዛበት ጓል አብዛኛውን ጊዜ ቅርጹን ይዞ ይቈያል፤ ያነሰበት ይፈርሳል። ያን ጊዜ ለአባቶቻችን ከመጽሐፍ ሳይሆን ከገዛ ማሳቸው ልናስረዳ እንችላለን።