ፕላስተር የሚይዘውና የማይዘው
ስለ እህል ከረጢትና ስለ እርሻ መሣሪያ ጊዜያዊ ጥገና ለልማት ጣቢያ ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ

በገበሬው ቤት የሚሰበር፣ የሚቀደድና የሚያፈስ ዕቃ አይጠፋም። ዕቃ በተበላሸ ቁጥር አዲስ መግዛት የሚችል ቤተሰብ ጥቂት በመሆኑ፣ በእጅ ባለ ነገር መጠገን ከጥንት የኖረ ልማድ ነው። የተሰነጠቀ ጎተራ በጭቃ፣ በእበትና በጭድ ይመረጋል፤ የተሰነጠቀ እጀታ በጠፍር ይታሰራል፤ ያረጀ ካልማዳሪ ተቀዶ የሚያፈስ የውሃ ቱቦ ይጠመጠምበታል። ዛሬ ደግሞ በየሱቁ የሚሸጠው ባለ ጨርቅ ሰፊ ፕላስተር ከእነዚህ ጋር ተጨምሯል።

ይህ ዓይነቱ ጥገና የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን አንድ ክንድ የማይሞላ ፕላስተር በአንድ ቦታ አንድ ኩንታል እህል ሲያድን፣ በሌላ ቦታ የሰው ጤና ሊያጠፋ ይችላል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሁለቱን ቦታዎች ለይቶ ማሳየት ነው።

ፕላስተሩ ምንድን ነው?

ዳክት ቴፕ የሚባለው ባለ ጨርቅ ፕላስተር ሦስት ነገሮች ተደራርበው የተሠራ ነው። ከላይ ውሃ የማያሳልፍ ፕላስቲክ፣ ከመሃል ቀጭን የጨርቅ መረብ፣ ከሥር ደግሞ የጎማነት ጠባይ ያለው ማጣበቂያ አለው። ፕላስቲኩ አየርንና እርጥበትን ይከለክላል፤ ጨርቁ ጥንካሬ ይሰጠዋል፣ ያለ መቀስም በእጅ ለመቅደድ ያመቻል፤ ማጣበቂያው በጥቂት ግፊት ይይዛል።

የፕላስተሩ አመጣጥ ለእኛ ሥራም ትምህርት አለው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ወይዘሮ ቬስታ ስታውት የተባሉ፣ ሁለት ልጆቻቸው በባሕር ኃይል ያገለግሉ የነበሩ እናት፣ በአሜሪካ በኢሊኖይ ግዛት በአንድ የጥይት ፋብሪካ ይሠሩ ነበር። የጥይቱ ሣጥን የታሸገበት የወረቀት ፕላስተር ሲጎተት እየተቆረጠ፣ ወታደሩ በጭንቅ ሰዓት ሣጥኑን ለመክፈት እንደሚቸገር ተረዱ። እ.ኤ.አ. በ1943 ለፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ደብዳቤ ጽፈው፣ ውሃ የማያስገባ የጨርቅ ፕላስተር እንዲሠራ ሐሳብ አቀረቡ፤ ሐሳባቸውም ተቀባይነት አገኘ። ጉድለቱን ያዩት ሣጥኑን በእጃቸው የሚነኩት ሠራተኛ ነበሩ። የእህል ከረጢት ቀዳዳንም ቀድማ የምታየው ከከረጢቱ እየጨለፈች የምታስፈጨው የቤት እመቤት ናት። ስለዚህ ስለ እህል አጠባበቅ ትምህርት ሲሰጥ ባል ብቻ ሳይሆን ሚስትም መገኘት ይኖርባታል።

የፕላስተሩ ድክመትም በሙከራ ታይቷል። በካሊፎርኒያ የሚገኘው የሎውረንስ በርክሌይ ብሔራዊ ላቦራቶሪ እ.ኤ.አ. በ1998 ይፋ ባደረገው ሙከራ፣ ሞቃት አየር በሚያስተላልፍ ቱቦ መገጣጠሚያ ላይ የተለጠፈው ባለ ጨርቅ ፕላስተር በሙቀት ብዛት ማጣበቂያው ደክሞ ለቋል።

ከዚህ በመነሣት ለሁሉም ሥራ የሚያገለግል አንድ መመዘኛ ማቅረብ ይቻላል። ፕላስተር አየርን፣ አቧራንና እርጥበትን ለመከልከል ይበጃል። ኃይል ለሚሸከም፣ ለሚግል ወይም ኬሚካል ለሚነካው ክፍል ግን አይሆንም።

ፕላስተር እህል የሚያድንበት ቦታ

አየር የማያስገባው ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት፣ ፒክስ በሚል ስም የሚታወቀው፣ ዛሬ በብዙ ወረዳዎች ይገኛል። ከውስጥ ሁለት የፕላስቲክ ከረጢቶች፣ ከውጭ ደግሞ አንድ ማዳበሪያ አለው። የእያንዳንዱ ፕላስቲክ ውፍረት 80 ማይክሮን፣ ማለትም ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ እንኳ የማይሞላ ነው። ቀጭን በመሆኑ በአያያዝ ጉድለት በቀላሉ ይቀደዳል።

ከረጢቱ እህል የሚጠብቀው በመድኃኒት ሳይሆን አየር በመንፈግ ነው። የበቆሎ ነቀዝ ፍሬውን በስታ እንቁላሏን በውስጡ ትጥላለች፤ እጩም በፍሬው ውስጥ ተሸሽጎ ያድጋል። ስለሆነም ከላይ ሲያዩት ንጹሕ የሚመስል እህል ነቀዙን ይዞ ወደ ቤት ሊገባ ይችላል። ከረጢቱ በሚገባ ከታሰረ በውስጡ ያለው ነቀዝ ያለችውን ኦክስጅን ተንፍሶ ይጨርሳታል፤ መብላትና መራባት ያቆማል፤ በመጨረሻም ይሞታል። ቀዳዳ ካለ ግን አየር ስለሚገባለት ሥራውን ይቀጥላል።

ነገሩ ቀላል መስሎ መታየት የለበትም። ነቀዝ የሚፈራ ገበሬ እህሉን ዋጋው በወደቀበት በመከር ሰሞን ይሸጥና በክረምት በውድ ዋጋ መልሶ ይሸምታል። በከረጢቱ ተማምኖ ያስቀመጠው ደግሞ በአንዲት ቀዳዳ ምክንያት በሐምሌ ከረጢቱን ሲፈታ ዱቄትና ነቀዝ ቢያገኝ፣ ለዚያ ዓመት የቤተሰቡን ቀለብ ያጣል። ለሚቀጥለውም ዓመት በከረጢቱ አያምንም።

የከረጢቱ አጠጋገን

ሥራው እህል ከመግባቱ በፊት በጥቅምት ወር ቢጠናቀቅ ይመረጣል።

1. ሁለቱ ፕላስቲኮች ከማዳበሪያው ወጥተው ይራገፉ። የቀረ ፍሬ፣ ዱቄትና ነቀዝ በውስጣቸው እንዳይገኝ በደረቅ ንጹሕ ጨርቅ ይወልወሉ። ፀሐይ ፕላስቲክን ስለሚያደርቅና ስለሚያሰባብር በጥላ ሥር እንጂ በፀሐይ አይሰጡ።

2. እያንዳንዱ ፕላስቲክ በአየር ተሞልቶ አፉ ይጠምዘዝ፤ ከዚያም ቀስ ተብሎ ይጫን። አየሩ የሚወጣበት ቦታ በጆሮ ይሰማል፤ በጉንጭም ይታወቃል። በጨለማ ቤት ውስጥ የእጅ ባትሪ ከፕላስቲኩ ውስጥ ቢበራ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይታያሉ። የተገኘው ቀዳዳ ሁሉ ዙሪያው ምልክት ይደረግበት።

3. ፕላስተሩ ከቀዳዳው ዳር በሁሉም በኩል ሁለት ጣት ያህል እንዲያልፍ ሆኖ ይቆረጥ። ሹል ማዕዘን በቶሎ ስለሚላጥ አራቱም ማዕዘኖች በመቀስ ይከርከሙ።

4. ፕላስቲኩ ጠፍጣፋ ነገር ላይ ተዘርግቶ ሳይሸበሸብ ይለጠፍ። ትንሽ ቀዳዳ ከውጭ በኩል ቢለጠፍ ይበቃዋል፤ ስንጥቅ ከሆነ ግን ማጣበቂያው እህሉን እንዳይነካ ከውስጥም ከውጭም ይለጠፍ። ከዚያም በማንኪያ ጀርባ በደንብ ይታሽ፤ ክብደት ተጭኖበትም ይደር።

5. በማግሥቱ በአየር ተሞልቶ እንደገና ይፈተሽ። አየር የሚያወጣ ከሆነ ጥገናው አልያዘም ማለት ነው።

6. ደህናው ፕላስቲክ ከውስጥ፣ የተጠገነው ከመሃል እንዲሆን ይደረግ። ሁለቱም የተጠገኑ ከሆኑ ጥገናዎቹ ፊት ለፊት እንዳይገጥሙ አንዱ ይዙር።

ብዙ ቦታ የተበሳሳ ወይም በረጅሙ የተተረተረ ፕላስቲክ ለዚህ ሥራ አይጠገንም። ለእህል ማስጫ ወይም ለከረጢት ሥር ምንጣፍ ይሁን እንጂ፣ አየር ይይዛል ተብሎ እህል አይጣልበት።

ጥገናው ቢያምርም እርጥብ እህል ከገባበት ይሻግታል። በቆሎ ሲከተት እርጥበቱ ከ13 በመቶ መብለጥ የለበትም። መለኪያ መሣሪያ በሌለበት ደረቅ ጠርሙስ እስከ ሲሶው እህል ተሞልቶ፣ ጥቂት ማንኪያ ደረቅ ጨው ተጨምሮበትና አፉ ተከድኖ ይናጥ። ከሩብ ሰዓት በኋላ ጨው በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ እርጥበቱ ከ15 በመቶ በላይ ስለሆነ እህሉ ወደ ፀሐይ ይመለስ። ጨው ባይጣበቅም በቆሎውን ተጨማሪ ቀን ማስጣት አይጎዳም።

ከተሞላ በኋላ እያንዳንዱ ፕላስቲክ ለየብቻው አየሩ ተጨምቆ፣ አፉ ተጠምዝዞና ታጥፎ በሲባጎ ይታሰር። ከረጢቱ ከግድግዳ ርቆ በርብራብ ላይ ይቀመጥ። ሲዛወር በሁለት ሰው ተነሥቶ እንጂ በመሬት ላይ አይጎተት። ቢያንስ ለአንድ ወር ሳይፈታ ይቆይ።

ፕላስተር የማይገባበት ቦታ

የጀርባ መርጫ፦ ቱቦው፣ መያዣው ወይም ክዳኑ ሲያንጠባጥብ በፕላስተር ጠምጥሞ ወደ ማሳ መግባት አደገኛ ነው። በመርጫው ውስጥ ግፊት አለ፤ በብዙ የተባይ ማጥፊያዎች ውስጥ ያለው ማሟሚያም ማጣበቂያውን ይፈታዋል። ከሁሉ የከፋው ጨርቁ ኬሚካሉን መጥጦ መያዙና ከሠራተኛው እጅና ጀርባ ላይ መቆየቱ ነው። በርጭት ጊዜ መርዝ በብዛት ወደ ሰውነት የሚገባው በቆዳ በኩል ስለሆነ፣ ያረጀው ጎሚኒ ወይም የተሰነጠቀው ቱቦ እስኪለወጥ ድረስ መርጫው ከሥራ ይውጣ።

የኬሚካል ጀሪካን፦ ኬሚካል የነበረበትን ጀሪካን አጥቦና ቀዳዳውን ለጥፎ ለውሃ፣ ለጠላ ወይም ለዘይት ማዋል ፈጽሞ የተከለከለ ነው። ዕቃው ሦስት ጊዜ ታጥቦ፣ ዳግም እንዳይሠራበት ተበስቶ ይወገድ።

የማጠኛ እንክብል፦ በከረጢት ያላመነ ገበሬ በመኝታ ቤቱ ባለው እህል ውስጥ የማጠኛ እንክብል ጨምሮ አፉን በፕላስተር ቢያሽግ ሙሉ ቤተሰብ ሊያልቅ ይችላል። ከእንክብሉ የሚወጣው ፎስፊን የተባለ ጋዝ ገዳይ ነው፤ ፕላስተርም አያስተማምንበትም። ሰው ወይም ከብት በሚያድርበት ቤት እንክብል መጠቀም አይገባም።

የኤሌክትሪክ ገመድ፦ የወፍጮና የውሃ መሳቢያ ሞተር ገመድ በባለ ጨርቅ ፕላስተር አይሸፈንም። ኤሌክትሪኩ ተቋርጦ፣ ሙያው ባለው ሰው፣ ለዚሁ በተሠራ የኤሌክትሪክ ፕላስተር ይጠገን ወይም ገመዱ ይለወጥ።

ሞፈርና እጀታ፦ እነዚህ ኃይል የሚሸከሙ ናቸው። ከፕላስተር ይልቅ የአባቶች ዘዴ ይበልጣል። ርጥብ ጠፍር ጠበቅ ተደርጎ ከተጠመጠመበት በኋላ ሲደርቅ ይኮማተርና እንጨቱን አንቆ ይይዛል። የመጥረቢያ እጀታ ግን ከተሰነጠቀ ብረቱ ተፈናጥሮ ሰው ሊጎዳ ስለሚችል ቢለወጥ ይሻላል።

የመስኖ ቱቦ፦ ግፊቱ ዝቅተኛ ከሆነ የካልማዳሪ ቅዳጅ እየተለጠጠ ተደራርቦ ቢጠመጠም ከፕላስተር የተሻለ ይይዛል፤ ላስቲኩ ወደ ቦታው ለመመለስ ሲል ቀዳዳውን ይጫነዋልና። ለዘለቄታው ግን የተጎዳው ክፍል ተቆርጦ በማገናኛና በቱቦ ማሰሪያ ይገጠም።

ከኅብረት ሥራ ማኅበራት የሚጠበቅ

አንድ ጥቅል ፕላስተር ለአንድ ቤተሰብ ብዙ ነው፤ ለአንድ ማኅበር ግን ተገቢ ወጪ ነው። ማኅበሩ ፕላስተር፣ መቀስ፣ ሲባጎ፣ የካልማዳሪ ቁራጮች፣ የመርጫ ጎሚኒዎችና የቱቦ ማሰሪያዎች የያዘ አንድ የጥገና ሣጥን ቢያዘጋጅና ኃላፊ ቢመድብለት መልካም ነው። ፕላስተሩ ከፀሐይና ከሙቀት ርቆ ይቀመጥ። ጎሚኒ በማኅበሩ ሱቅ ከተገኘ ገበሬው መርጫውን በፕላስተር ለመጠምጠም አይገደድም።

የልማት ጣቢያ ሠራተኞችም ከመከር በፊት የከረጢት መፈተሻ ቀን ቢያዘጋጁ፣ በተቀደደ ከረጢት ላይ ሥራውን በእጃቸው እየሠሩ ቢያሳዩ ከብዙ ንግግር ይልቅ ይጠቅማል። የተጠገነ ከረጢት ሁሉ በማይለቅ ቀለም ምልክት ይደረግበት።

ምልክቱ የሚያስፈልገው ለመዝገብ ብቻ አይደለም። ጥገና ምንጊዜም ከአዲስ ያነሰ ስለሆነ፣ የተጠገነው ከረጢት ቀድሞ ተፈትቶ ይበላ፤ ቀዳዳ የሌለበት ከረጢት ደግሞ ለሐምሌና ለነሐሴ ቀለብ ይቆይ። ይህን ቅደም ተከተል የጠበቀ ቤተሰብ ምናልባት ጥገናው ቢለቅ እንኳ ጉዳቱ የሚደርስበት ሌላ እህል በቤቱ እያለ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፣ ከረጢቱ በጥቅምት ይፈተሽ፤ በሐምሌ የተገኘ ቀዳዳ በፕላስተር አይመለስም።