ማን ያስረዳ? ካንሰር አምጪ ኬሚካሎችና የመንግሥታት ቁጥጥር

(ዓመታቱ በተለይ ካልተገለጸ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በካሊፎርኒያ ሌትሮፕ በምትባል ከተማ ዲቢሲፒ የሚባል ፀረ ተባይ የሚያመርት ፋብሪካ ነበር። በ1977 የፋብሪካው ወንድ ሠራተኞች ብዙዎቹ ልጅ እንዳልወለዱ እርስ በርስ ማውራት ጀመሩ። የዘር ፈሳሻቸው ሲመረመር የበርካቶቹ የዘር ሕዋስ ቁጥር እጅግ አንሶ፣ የአንዳንዶቹም ጨርሶ ጠፍቶ ተገኘ። ነገሩ ለሠራተኞቹ ዱብ ዕዳ ቢሆንም ለሳይንሱ አዲስ አልነበረም። ኬሚካሉ የአይጦችን የዘር ፍሬ እንደሚያኮስስ የሚያሳይ ጥናት ታትሞ የወጣው በ1961 ነበርና። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ በ1979 ከሃዋይ የአናናስ እርሻዎች በስተቀር ዲቢሲፒ ጥቅም ላይ እንዳይውል አገደ።

በጥናቱና በእገዳው መካከል 18 ዓመታት አልፈዋል። ጥናቱን ያየ ሰው ጠፍቶ ሳይሆን፣ ያየውን ተከትሎ እርምጃ እንዲወስድ የሚገደድ ወገን ስላልነበረ ነው። ካንሰር የሚያመጡ ወይም የመውለድ አቅምንና ጽንስን የሚጎዱ ኬሚካሎችን ለመቆጣጠር የወጡ ሕጎች ሁሉ የሚለያዩት በዚሁ ነጥብ ላይ ነው፤ የማስረዳት ሸክሙ የማን ነው? አምራቹ ዕቃው ጤናማ መሆኑን ያስረዳ ወይስ መንግሥት ጎጂነቱን?

ጎጂነት ሌላ፣ መጠን ሌላ

ለብዙ አገሮች ሕግ መነሻ የሚሆነው በፈረንሳይ ሊዮን ከተማ የሚገኘውና በዓለም ጤና ድርጅት ሥር የሚሠራው ዓለም አቀፍ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ነው። ኤጀንሲው ነገሮችን በማስረጃቸው ጥንካሬ ይመድባል። በምድብ 1 ካንሰር እንደሚያመጡ የተረጋገጠባቸው፣ በ2ኤ ሳያመጡ እንደማይቀሩ የሚታመንባቸው፣ በ2ቢ ሊያመጡ ይችላሉ የሚባሉት፣ በ3 ደግሞ ማስረጃው ለመወሰን የማይበቃባቸው ይቀመጣሉ። የትምባሆ ጭስ፣ አስቤስቶስ፣ ፎርማልዴሃይድ፣ የአልኮል መጠጥና እንደ ቋሊማ ያለ የተቀነባበረ ሥጋ ሁሉም ምድብ 1 ውስጥ ናቸው።

ይህ ማለት ግን ቋሊማ የትምባሆን ያህል ይገድላል ማለት አይደለም። ምድቡ የሚመዝነው ማስረጃው ምን ያህል ጠንካራ እንደሆነ እንጂ አደጋው ምን ያህል ከባድ እንደሆነ አይደለም። ኮሶ ሲመጠን መድኃኒት፣ ሲበዛ መርዝ እንደሚሆን ሁሉ ስንት ሲሆን ይጎዳል የሚለው ራሱን የቻለ ጥያቄ ነው። ኤጀንሲው መጠን አይወስንም፤ እገዳም አይጥልም። ያ የመንግሥታት ሥራ ነው፤ ጭቅጭቁም የሚጀመረው እዚያ ላይ ነው።

ካሊፎርኒያ፦ ከማገድ ይልቅ ማስነገር

የካሊፎርኒያ መራጮች በኅዳር 1986 በ63 በመቶ ድምፅ ያጸደቁት ሕግ በተለምዶ ፕሮፖዚሽን 65 ይባላል። ሕጉ ሁለት ነገር ያዛል። አንደኛው የተዘረዘሩ ኬሚካሎችን ወደ መጠጥ ውኃ ምንጭ መልቀቅ ይከለክላል። ሁለተኛውና ዝነኛው ደግሞ ሰውን ለእነዚህ ኬሚካሎች የሚያጋልጥ ድርጅት አስቀድሞ ግልጽ ማስጠንቀቂያ እንዲሰጥ ያስገድዳል። ዕቃውን መሸጥ አልተከለከለም፤ ሳይናገሩ መሸጥ ነው የተከለከለው። ከ10 ያነሱ ሠራተኞች ያሉት ድርጅት ከግዴታው ነፃ ነው።

ሕጉን የተቃወሙት የግዛቲቱ ገዥ ጆርጅ ዱክሜጂያን በ1987 ያወጡት የመጀመሪያ ዝርዝር 29 ኬሚካሎችን ብቻ የያዘ ነበር። የሠራተኛ ማኅበራትና የአካባቢ ጥበቃ ተሟጋቾች ከሰሱ፤ ፍርድ ቤትም በሰው ላይ ብቻ ሳይሆን በእንስሳት ምርምር ጎጂነታቸው የታወቀውም መካተት አለባቸው ሲል ወሰነ። ዛሬ ዝርዝሩ 900 ገደማ ደርሷል።

መጠኑ የሚሰላበት መንገድ ጥብቅ ነው። ለካንሰር አምጪዎች ገደቡ አንድ ሰው 70 ዓመት ሙሉ በየቀኑ ቢጋለጥ ከ100,000 ሰው ከአንድ በላይ ተጨማሪ የካንሰር ሕመም የማያመጣው መጠን ነው። ለመውለድ አቅምና ለጽንስ ጎጂ ለሆኑት ደግሞ ጉዳት ያልታየበት መጠን ለ1,000 ይካፈላል። እርሳስ በዚህ ስሌት የተፈቀደለት በቀን 0.5 ማይክሮግራም ብቻ ነው። የተሸለሙ ሸክላ ሳህኖች፣ የነሐስ ቧንቧዎችና ከሜክሲኮ የሚገቡ ከረሜላዎች በየተራ ለክስ የበቁት በዚህ ምክንያት ነው።

የሕጉ ጡንቻ ያለው በሁለት አንቀጾች ላይ ነው። ማንኛውም ሰው ለሕዝብ ጥቅም ሲል የ60 ቀን ማስታወቂያ ሰጥቶ መክሰስ ይችላል፤ ቅጣቱ ለእያንዳንዱ ጥሰት በቀን እስከ 2,500 ዶላር ሲሆን ሩቡ ለከሳሹ ይሰጣል። ከዚህ በላይ ደግሞ ከሳሹ መጋለጥ መኖሩን ብቻ ካሳየ፣ መጠኑ ከገደብ በታች መሆኑን የማስረዳት ሸክም ወደ ተከሳሹ ድርጅት ይዞራል።

የቡናው ክስ

ይህ ሸክም ምን ያህል እንደሚከብድ የቡናው ክስ በግልጽ አሳይቷል። ቡና ሲቆላ አክሪላማይድ የሚባል ኬሚካል በራሱ ይፈጠራል። ማንም አይጨምረውም፤ እሳቱና የፍሬው የተፈጥሮ ይዘት ናቸው የሚሠሩት። ኬሚካሉ በካሊፎርኒያ ዝርዝር ውስጥ የገባው በ1990 በኢንዱስትሪ ውስጥ ስላለው ጥቅም ሲሆን፣ በምግብ ውስጥ መኖሩን የስዊድን ተመራማሪዎች ይፋ ያደረጉት በ2002 ነው። በ2010 ስታርባክስንና ሌሎች በርካታ ቡና ሻጮችን የሚከስ መዝገብ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ተከፈተ። በ2018 ዳኛው ድርጅቶቹ አደጋው አነስተኛ መሆኑን አላስረዱም፤ ስለዚህ ማስጠንቀቂያ መለጠፍ አለባቸው አሉ።

ችግሩ ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ2016፣ ቡናን ወደ ምድብ 3 አውርዶት መሆኑ ነው። ቀንዷን ብለው አካሏን ረሱ ማለት ይቻላል፤ ክሱ አንዱን ኬሚካል ነጥሎ ሲመዝን የተጠጣው ግን ሙሉው ቡና ነበር። የካሊፎርኒያ የአካባቢ ጤና ተቋም በ2019 ባወጣው ደንብ ሲቆላና ሲፈላ የሚፈጠረው ኬሚካል ማስጠንቀቂያ እንዳያስፈልገው አደረገ። ጀበና ለለመደ አንባቢ ከዚያው የ2016 ግምገማ መያዝ ያለበት ሌላ ነገር አለ፤ ከ65 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ የሚጠጣ ማንኛውም ትኩስ መጠጥ፣ ውኃም ቢሆን፣ በ2ኤ ተመድቧል። ጉሮሮን የሚጎዳው ሙቀቱ ነው ማለት ነው።

ተቺዎች ማስጠንቀቂያው በየመኪና ማቆሚያውና በየሆቴሉ በር ስለተለጠፈ ማንም አያነበውም ይላሉ። እውነት አላቸው። በ2023ም የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ግላይፎሴት በሚባለው ፀረ አረም ላይ ማስጠንቀቂያ ማስገደድን፣ ሳይንሱ ያልተስማማበትን ነገር ሻጩን ማናገር ነው ብሎ ከልክሏል። ሆኖም የሕጉ ትልቁ ውጤት ገዢው የማያየው ነው። በ2012 ኮካ ኮላና ፔፕሲ ለመጠጣቸው ቀለም በሚሰጠው ካራሜል ውስጥ ያለ አንድ ኬሚካል እንዲቀንስ አሠራሩን ያስቀየሩት በጠርሙሳቸው ላይ ካንሰር የሚል ቃል ላለማተም ነው።

ዋሽንግተንና ብራስልስ

የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ በተቃራኒው ለረጅም ጊዜ ሸክሙን በመንግሥት ላይ ጥሎ ነበር። የ1976ቱ የመርዛማ ኬሚካሎች ቁጥጥር ሕግ ሲወጣ በገበያ ላይ የነበሩ 62,000 ገደማ ኬሚካሎች ሳይመረመሩ እንዲቀጥሉ ተፈቀደላቸው። መንግሥት አስቤስቶስን በ1989 ቢያግድም፣ ፍርድ ቤት በ1991 ከእገዳው ያነሰ ጫና ያለው አማራጭ እንደሌለ አላስረዳህም ብሎ አብዛኛውን ሻረው። ሕጉ በ2016 ተሻሽሎ፣ ክሪሶታይል የተባለው የአስቤስቶስ ዓይነት የታገደው በ2024 ነው።

የአውሮፓ ኅብረት በ2007 ሥራ ላይ ባዋለው ሪች በተባለው ደንብ ነገሩን ገለበጠው። በዓመት አንድ ቶንና ከዚያ በላይ ኬሚካል የሚያመርት ወይም የሚያስገባ ድርጅት መረጃውን ሄልሲንኪ ላለው ኤጀንሲ ካላስመዘገበ መሸጥ አይችልም። በመዋቢያ ዕቃ ላይ ደግሞ ካንሰር አምጪ ወይም የመውለድ አቅምን ጎጂ ተብሎ በከፍተኛው ምድብ የተፈረጀ ኬሚካል በልዩ ሁኔታ ካልተፈቀደ በቀር ይታገዳል። የጄል ጥፍር ቀለምን የሚያደርቀው ቲፒኦ ከመስከረም 2025 ጀምሮ ከአውሮፓ ገበያ የወጣው በዚህ መንገድ ነው። አሜሪካ ውስጥ ግን አሁንም ይሸጣል።

ወደ እኛ ሲመጣ

ኢትዮጵያ አደገኛ ኬሚካሎች በአስመጪው አገር ፈቃድ ብቻ እንዲገቡ የሚያደርገው የሮተርዳም ስምምነት አባል ናት። ስምምነቱ በሙሉ መግባባት ስለሚሠራ ክሪሶታይል አስቤስቶስ በጥቂት አገሮች ተቃውሞ ለዓመታት ከዝርዝሩ ውጭ ቆይቷል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ2010 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ያወጣው ደንብ በቀለም ውስጥ የሚገኝ እርሳስ ከ90 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 90 ክፍል) እንዳይበልጥ ወስኗል፤ ይህ በዓለም ጥብቅ ከሚባሉት ገደቦች አንዱ ነው።

ገደቡ ግን በራሱ አይሠራም። እርሳስ በዓይን አይታይም፤ ሽታም የለውም። ግድግዳ ቀለም የሚቀባው ሠራተኛም ሆነ ቆርቆሮውን የሚሸጠው ነጋዴ ሊለየው አይችልም። ስለዚህ ጥሩ ሕግ ወጥቷል ከማለት በፊት ሁለት ነገር መጠየቅ ይገባል፤ ምርመራውን በራሱ ወጪ የማስደረግ ግዴታ የማን ነው? ውጤቱ ሳይቀርብ ዕቃው ገበያ ቢወጣስ የሚጠየቀው ማን ነው? ሕጉ ለሁለቱም «አምራቹና አስመጪው» ብሎ ካልመለሰ፣ ማስረጃው የሚሰበሰበው እንደ ሌትሮፕ ከሠራተኛው አካል ላይ ይሆናል።